የቴሌቪዥኑ ጀማሪ ሐኪምና የአጣጥ ማቆያ ጎጆ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቴሌቪዥን የሕክምና ድራማ ውስጥ የሚታየው ጀማሪ ሐኪም እንዴት ያለ ሰው እንደ ሆነ፣ ደራሲዎቹ ለምን እርሱን እንደሚመርጡ፣ እርሱን እያየን ያደግን ተማሪዎችም ስለ ሕክምና ሥራ የያዝነው አሳብ በምን በኩል እንደሚጎድል ለማስረዳት ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ የጨዋታ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጉብሬ አለፍ ብሎ፣ የጨዋታ ነገር አለመሆኑን የሚያስረዳ ሥፍራ አለ፤ ጽሑፉም ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ወደዚያው ያመራል።

በዩኒቨርሲቲያችን የመኝታ ክፍል ማታ ማታ ስድስት ሰባት ተማሪ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩሎ የውጭ አገር የሕክምና ድራማ ማየቱ የተለመደ ነው። ከመካከላችን ሕክምና የሚያጠናው ተማሪ የበሽታውን ስም ሊያስረዳ ሲጀምር ሌላው «ዝም በል፣ አስጨርሰን» ይለዋል። እኔ የሕዝብ ጤና ተማሪ ነኝ፤ በዚህም ምክንያት ከጓደኞቼ ቀልድ አላመልጥም፤ «ያንተን ትምህርት የሚያሳይ ድራማ እስከ ዛሬ አልተሠራም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ለምን እንዳልተሠራ ግን ማሰብ ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ይኸውም የምናየው ድራማ ሁሉ የሚጀምረው የሆስፒታሉ በር ሲከፈት መሆኑ ነው።

አስቀድሞ ስለ ባለታሪኩ ጥቂት እንናገር። ጀማሪው ሐኪም የዛሬ ፍጥረት አይደለም። ማክስ ብራንድ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ፋውስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ዶክተር ኪልዴር የተባለውን ወጣት ሐኪም ፈጠረ። ኪልዴር በፊልም ከታየ በኋላ ከ1961 እስከ 1966 ድረስ በቴሌቪዥን ቀርቦ በብዙ አገር ታወቀ። ከአጠገቡ ቁጡና አዋቂ የሆነ ሽማግሌ ሐኪም፣ ዶክተር ጊልስፒ፣ ተቀምጦለታል። ወጣቱ ይሳሳታል፣ ሽማግሌው ይቆጣል፣ በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ነገር ይማራሉ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የሕክምና ድራማዎች አብዛኛዎቹ ይህንኑ የመምህርና የደቀ መዝሙር አቀማመጥ ልብስ እየለወጡ ያቀረቡት ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የ«ኢ አር» ባለታሪክ ጆን ካርተር ነው። የድራማው ስም ድንገተኛ ክፍል ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1994 ተጀምሮ በአፕሪል 2009 እስኪያበቃ ድረስ 331 ክፍሎች ታይተዋል። ደራሲው ማይክል ክራይተን በሃርቫርድ ሕክምና የተማረ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያውን ክፍል የጻፈው በ1974 ሲሆን፣ ጽሑፉ 20 ዓመት ያህል የሚሠራው ሳያገኝ ቆይቷል። ካርተር የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኖ፣ ነጭ ካባው እንደ ተተኮሰ፣ ቺካጎ ውስጥ አለ ወደ ተባለው ሆስፒታል ይገባል። አለቃው ፒተር ቤንተን የቀዶ ጥገና ሬዚደንት ነው፤ ፈጣንና ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ካርተር ባየው ነገር ሆዱ ይታወክና ወደ ውጭ ይወጣል፤ ማርክ ግሪን የተባለው ሐኪምም ተከትሎት ያጽናናዋል። ካርተርን የሠራው ተዋናይ ኖዋ ዋይሊ በ2025 በተጀመረው «ዘ ፒት» በተባለው ድራማ ደግሞ ሪዙ ሸብቶ የድንገተኛ ክፍል ከፍተኛ ሐኪም ሆኖ ቀርቧል፤ በፊት ቤንተን በቆመበት ቦታ አሁን እርሱ ቆሞ ተማሪዎችን ያዝዛል።

ደራሲዎቹ ጀማሪውን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። አዋቂው ሐኪም ሥራውን ሲሠራ አይናገርም፤ ቢናገርም ተራው ተመልካች አይገባውም። ጀማሪው ግን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም እኛ ልንጠይቅ የምንፈልገውን ነው። እንግዲህ ጀማሪው የተመልካቹ ወኪል ሆኖ ከክፍሉ ውስጥ የቆመ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም በቀር፣ ሊሳሳት የሚችል ሰው ሲሠራ ማየት የማይሳሳተውን ከማየት ይልቅ ልብ ያንጠለጥላል። ይህ የድርሰት ጥበብ እንጂ ነቀፋ አይደለም። በዚህ መንገድ የብዙ ሰው ልጅ ሕክምናን ወዶ ተምሯል።

ነቀፋው የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ1996 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። «ኢ አር»ን ጨምሮ የሦስት ፕሮግራሞችን 97 ክፍሎች ተመልክተው፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ እየተጫነ ነፍሱ እንዲመለስ ሲሞከር 60 ጊዜ መታየቱን ቈጠሩ። በቴሌቪዥኑ ከመቶው 75ቱ በዚያው ሰዓት ነፍሳቸው ተመለሰ፤ 67ቱም ድነው ከሆስፒታል የወጡ ሆነው ታዩ። በእውነተኛው ሕይወት ግን፣ ተመራማሪዎቹ ከቀደሙት ጥናቶች እንደ ጠቀሱት፣ በሆስፒታል ውስጥ ልባቸው ከሚቆም ሕመምተኞች ለረጅም ጊዜ የሚተርፉት ከመቶ 15 አያልፉም፤ ከዚያም በብዙ ሊያንሱ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት የሐኪሙ እጅ በስክሪኑ ላይ ከእውነተኛ ኃይሉ እጅግ በዝቶ ይታያል።

ስለ ማጋነን ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ በዚያ ላይ አልቆይም። የእኔ ጥያቄ ከበሩ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። በድራማው በሩ ይበረገዳል፣ ሕመምተኛው በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋ ይገባል፣ አምቡላንስ ይዞት የመጣው ሰው ዕድሜውንና የደም ግፊቱን ጮኾ ይናገራል፣ ካርተርም ይሮጣል። ሕመምተኛው ከየት እንደ መጣ፣ ሕመሙ ከጀመረው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ይምጣ አይምጣ ብሎ የወሰነው ማን እንደ ሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ ይቀራል። በቺካጎ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ መንገዱ አጭር ነውና።

የሚገርመው፣ «ኢ አር» በተጀመረበት በዚያው በ1994 ሴሪን ታዴየስና ደቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ሴቶች በወሊድ ምክንያት ስለሚሞቱ እናቶች አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ያቀረቡትም አሳብ ዛሬ በየጤና ትምህርት ቤቱ «ሦስቱ መዘግየቶች» እየተባለ የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው መዘግየት በቤት ውስጥ፣ እንሂድ ወይስ እንቆይ እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚጠፋው ነው። ሦስተኛው ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ ሐኪም፣ ደም፣ መድኃኒት፣ የቀዶ ጥገና ክፍል እስኪገኝ የሚባክነው ነው። እንግዲህ የቴሌቪዥኑን ድራማ በዚህ ሚዛን ብንመዝነው 331ዱም ክፍሎች ማለት ይቻላል የሚያሳዩን ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ሁለቱ መዘግየቶች ምን እንደሚመስሉ ከመጽሐፍ በፊት ያወቅሁት ከቤታችን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ያህል የእናቴ ታናሽ እኅት ምጥ የያዛት ሰኞ ማታ ነበር። ባሏ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው ለንግድ አዲስ አበባ ነበር፤ እርሱ በሌለበት ሊወስን የሚችለው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እርሱም እስከ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከገበያ አልተመለሰም። ሴቶቹም ቢሆኑ የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል እያሉ ተስፋ ያደርጉ ነበር። ወቅቱ ክረምት ስለ ነበር መኪና ወደ መንደሩ አይገባም፤ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት እየተፈራረቀ ሌሊቱን ሲጓዝ አደረ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከአንድ ሆስፒታል ደረሱ። የተቀበላቸው ገና ጀማሪ ሐኪም ነበር፤ አጎቴ «የእናንተን እኩያ ልጅ ይመስላል» እያለ ያወራልናል። ሆዷን ዳሰሰ፣ የሕፃኑን ልብ አዳመጠ፣ ደጋግሞ አዳመጠ። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «አባቶቼ፣ ትናንት ብትመጡ ኖሮ» አለ። ሕፃኑ ሞቷል። እርሷ ግን በቀዶ ጥገና ተረፈች። ያ ሐኪም ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ከካርተር የሚለየው፣ ልጁን ማዳን የሚቻልበት ክፍል እርሱ ከመምጣቱ በፊት አልቆ የነበረ መሆኑ ነው።

በአገራችን ጀማሪ ሐኪም ማለት ማን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውነትን አሠራር በክፍል ተምሮ ወደ ሕሙማን አልጋ ሲቀርብ «ሲ ዋን»፣ ቀጥሎም «ሲ ቱ» ይባላል። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ሆኖ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ጥገና፣ በሕፃናትና በማሕፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ይሠራል። ደም ይቀዳል፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ ካርድ ይጽፋል፣ ተረኛ ሆኖ ያድራል። በድራማው «ይህን መድኃኒት ስጡ» ሲባል መድኃኒቱ ወዲያው ከነርሷ እጅ ላይ ይታያል፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አስታማሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። እዚህ ላይ ከታሪካችን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ከዚያ 10 ዓመት አስቀድሞ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የንጽሕና ጥበቃ ባለሙያ አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ስለዚህ በአገራችን ከፍ ያለ የጤና ትምህርት ሲጀመር ዓይኑን ያቀናው ወደ ሆስፒታሉ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ነው።

አሁን ወደ አጣጥ እንሂድ። አጣጥ ሆስፒታል በቸሃ ወረዳ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ያቋቋሙት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በቅጥሩ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት ተሠራ። ማቆያው በሕክምና ዕቃ የተሞላ ክፍል አልነበረም፤ በአገር ቤት አሠራር የተሠራ ጎጆ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በእርግዝና ክትትል ጊዜ አስጊ ምልክት የተገኘባት ሴት፣ ይኸውም ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና የወለደች፣ ልጅ የሞተባት፣ መንታ የያዘች፣ ጽንሱ ያለ ቦታው የተጋደመባት፣ ወይም ቤቷ እጅግ የራቀ፣ ምጥ እስኪይዛት ድረስ ከቤቷ አትጠብቅም። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከሆስፒታሉ ቅጥር መጥታ ትቀመጣለች። ምግብ የምታበስልላት ዘመድ አብራት ትመጣለች፤ ስንቅም ይዘው ይመጣሉ። ቆጯችን ብዙ ቀን ሳይበላሽ የሚቆይ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ጥበቃ የተመቸ ስንቅ ነው። የጤና ሠራተኛ በየጊዜው ያያታል፤ ምጥ ሲጀምራት ወደ ማዋለጃው ክፍል የሚወስዳት መንገድ የጥቂት እርምጃ ነው።

የዚህ ጎጆ ውጤት ተቈጥሯል። ጆን ኬሊና ባልደረቦቹ ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱትን ሴቶች ሁሉ መዝገብ መርምረው በ2010 ያሳተሙት ጥናት ስለ 24,148 ወሊዶች ይናገራል። ከእነዚህ ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው ቆይተው የወለዱ፣ 17,343ቱ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ የመጡ ናቸው። በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ ከማቆያው ከመጡት እናቶች የሞቱት 89.9፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 1,333.1 ናቸው። ወደ ሰው ቍጥር መልሼ ሳሰላው በመጀመሪያው ወገን 6 ያህል፣ በሁለተኛው ከ180 የማያንሱ እናቶች ማለት ነው። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ በማቆያው ወገን 17.6፣ በሌላው ወገን 191.2 ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ቍጥር ስናነብ ቆም ማለት ይገባናል፤ በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ከአምስት ሕፃናት አንዱ ለማለት ጥቂት የቀረው ሞቶ ተወልዷል ማለት ነውና። አክስቴ ወደየትኛው ወገን እንደምትቈጠር አንባቢው ያውቃል።

አስተማሪዎቻችን እንዲህ ያለውን ንጽጽር በጥንቃቄ እንድናነብ ያዝዙናል፤ ትክክልም ነው። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆነው በዕጣ የተለዩ አይደሉም። በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ የመጡት ምጡ ከጠና፣ ምናልባትም ማሕፀን ከተቀደደ በኋላ ነው፤ ወደ ማቆያው የመጣችው ሴት ደግሞ አስቀድሞ የእርግዝና ክትትል ያገኘች፣ ስንቅ የሚያቀብላትና ፈቃድ የሚሰጣት ቤተ ሰብ ያላት ናት። ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ ለጎጆው መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ በደንብ ሲታይ ነገራችንን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ዋና ልዩነት የመድረሻ ሰዓት ነው፤ ሐኪሞቹ ያው ናቸው፣ ቢላዋው ያው ነው፣ የማዋለጃው ክፍልም ያው ነው።

የሐኪሙም ሥራ በማቆያው አልቀነሰም። በማቆያው ከቆዩት ሴቶች ከመቶው 38.5 ያህሉ በቀዶ ጥገና ሲወልዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 20.3 ያህሉ ናቸው። አስጊ የሆኑት ተመርጠው ስለ መጡ በቀዶ ጥገና የሚወልዱት መብዛታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ልዩነቱ ቀዶ ጥገናው በጊዜው፣ ታስቦበት፣ እናትና ልጅ ሳይደክሙ መደረጉ ነው። ጎጆው ሐኪሙን አልተካም፤ ሐኪሙ ሊሠራበት የሚችለውን ሰዓት ጠብቆ አቆየለት እንጂ። ይህ አሠራር በአጣጥ አልቀረም፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው ቅጥር እንዲሠራ ሲያበረታታ ቆይቷል።

ጎረቤታችን ቡታጅራም በዚህ ነገር ድርሻ አላት። ሆስፒታል የሚያውቀው የመጡለትን ብቻ ነው፤ ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ወይም በቃሬዛ ላይ ሳሉ የሞቱት በመዝገቡ አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1987 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌ መርጦ የሚወለደውንና የሚሞተውን ቤት ለቤት መቍጠር የጀመረው እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመሙላት ነው። ቈጣሪው ደብተሩን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ማንም ፊልም አያነሣውም።

የሕክምና ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ ቀን የምትቈጥር ሴት ምን ድራማ ይወጣታል?» ብለው ይከራከሩኛል። በእርግጥ ድራማው የሚፈልገው የሚሮጥ ሰው ነው። ነገር ግን ጀማሪ ሐኪም በማቆያው ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ስሕተት ነው። በእርግዝና ክትትል ክፍል ከአንዲት ሴት ፊት ተቀምጦ «ከዚህ በፊት ስንት ወለድሽ? ስንቶቹ አሉ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መልሱን የሚሰማው፣ ከዚያም ሴትዮዋን ብቻ ሳይሆን አማቷንና ባሏን ጭምር አስጠርቶ ላም ማን ያልባል፣ ልጆቹን ማን ይጠብቃል የሚለውን እስኪጨርሱ ድረስ የሚያስረዳው እርሱ ወይም አዋላጅ ነርሷ ናቸው። በዚህ ንግግር ውስጥ ደም የለም፤ ነገሩም አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ተረኛ አድሮ፣ ከደጅ አርባ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ያችን አሥር ደቂቃ መስጠት ግን ቀላል አይደለም።

ያን ረቡዕ ያገኘናት ሐኪም እንዲህ አድርጓል። አክስቴ ልትወጣ ባለችበት ዕለት አጠገቧ ተቀምጦ፣ ባሏም ከአዲስ አበባ ደርሶ ነበርና፣ ሆዷ አንድ ጊዜ ስለ ተሰፋ ሁለተኛ ስታረግዝ ምጥን ከቤት መጠበቅ እንደማይገባት፣ ስምንተኛው ወር ሲያልቅ ማቆያ ካለበት ሥፍራ እንድትገባ ነገራቸው። ባልየው ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰማው። ከሦስት ዓመት በኋላ አረገዘች፤ እንደ ተባለውም ስንቋን አስይዛ፣ እናቴን አስከትላ ገባች።

በማቆያው 19 ቀን ቆየች። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ የምታወራው ስለ ጭሱና ስለ ሌሎቹ ሴቶች ጨዋታ ነው፤ አክስቴ ደግሞ «ሥራ ፈትቼ ተጎልቼ ከረምሁ» ብላ ታማርራለች። በ19ኛው ቀን ሌሊት ምጥ ጀመራት፤ እናቴ ክንዷን ይዛ ግቢውን አሻገረቻት። ልጂቱ አሁን ፊደል ቈጥራ ጨርሳለች።